ስለ ካል ሪፕከን ጁኒየር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሜሪላንድ። ቤዝቦል የማይ ሀበሻ ብዙ ስለሌለ ነው መሰለኝ ቡና ላይም ለቅሶ ቤትም ሰው ያገኘኝ ቦታ ሁሉ ስለዚህ ስፖርት ይጠይቀኛል፣ ከዛ ውስጥ ግማሹ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፣ ካል ሪፕከን ላይ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስሙን ሰምተው ይመጣሉ፣ ባልቲሞር የሚሰራ ሰው ስታዲየሙ ጋ የሱን ቁጥር 8 የለበሰ ሰው ያያል፣ እና ማነው ይላል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለን። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኛ ነው ካላልኩ በቀር።

ማነው ካል ሪፕከን?

የባልቲሞር ኦሪዮልስ ተጫዋች የነበረ፣ ከ1981 እስከ 2001 ድረስ ለአንድ ክለብ ብቻ የተጫወተ ኢንፊልደር ነው። የተወለደው በ1960 ሀቨር ደ ግሬስ ነው፣ ያደገው አበርዲን፣ ሁለቱም ሜሪላንድ ናቸው፣ ከባልቲሞር በአይ 95 ወደ ሰሜን ስትነዱ የምታልፏቸው ትንንሽ ከተሞች። የሰፈሩ ልጅ ነው ማለት ነው፣ ለዛ ነው እዚህ አካባቢ ሰው እንደ ዘመዱ የሚያወራለት።

ሁሉም የሚያውቀው ነገር 2,632 ጨዋታ በተከታታይ ሳይቀር መጫወቱን ነው። ከ1982 እስከ 1998፣ አንድም ቀን ሳያርፍ። እኔ ግን ሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሲቀር ቅር ይለኛል፣ ቁጥሩ የመጣው ሰውየው ሜዳ ላይ *የት ይቆም እንደነበር* ከማወቁ ነው ብዬ ስለማምን፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ኢንፊልደር ማለት ምንድነው? ሾርትስቶፕስ?

ሜዳውን አስቡት። አራት ቤዝ አለ፣ በአንዱና በሚቀጥለው መሀል 27 ሜትር ከ43 ሳንቲም ነው። እዛ ውስጠኛው ሜዳ ላይ የሚጠብቁት ናቸው ኢንፊልደር የሚባሉት፣ ፈርስት ቤዝ፣ ሰከንድ ቤዝ፣ ሰርድ ቤዝ ላይ አንድ አንድ ሰው አለ፣ አራተኛው ደግሞ በሰከንድና በሰርድ ቤዝ መሀል ይቆማል፣ እሱ ነው ሾርትስቶፕ። አብዛኛው ሰው ቀኝ እጅ ስለሆነ ሲመታ ኳሱ ብዙ ጊዜ ወደዛ ጎን ይሄዳል፣ ስለዚህ ሾርትስቶፕ ስራ አይፈታም። መሬት ለመሬት እየተንከባለለ የመጣውን ኳስ አፍሶ መቺው ፈርስት ቤዝ ሳይደርስ ወርውሮ ማድረስ አለበት፣ ይሄ ሁሉ አራት ሰከንድ አካባቢ ነው የሚፈጀው።

በእግር ኳስ አመሳስለው ካላችሁኝ፣ ጨዋታውን የሚያነብ የመሀል ተከላካይ በሉት።

መጀመሪያ ሾርትስቶፕ አልነበረም ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ኦሪዮልስ በ1978 ከአበርዲን ሀይስኩል ሲመርጡት በሁለተኛው ዙር 48ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፣ በታችኛው ሊግ ሲያድግም ብዙ ሰርድ ቤዝ ተጫውቷል። ዋናው ሊግ ላይ በ1982 ሰርድ ቤዝ እየተጫወተ ሳለ ሐምሌ መባቻ ላይ አሰልጣኙ ኧርል ዊቨር ሾርትስቶፕ ላይ አቆመው። ያኔ ሾርትስቶፕ ማለት አጭር፣ ቀጭን፣ እንደ ጥይት የሚፈተለክ ሰው ነበር፣ ሪፕከን ደግሞ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ ከመቶ ኪሎ ብዙም የማይርቅ ሰው። ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር። ዊቨር ግን አልሰማም፣ በዛው ዓመት ልጁ የአሜሪካን ሊግ፣ ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፣ ከዛ በኋላ እስከ 1996 ድረስ ቦታው የሱ ሆነ።

ከሱ በኋላ የመጡት ረጃጅምና ሆምረን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ፣ የሚመቱ ሾርትስቶፖች፣ ዴሪክ ጂተር፣ አሌክስ ሮድሪገዝ፣ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው። ይሄ ለኔ ከ2,632 አይተናነስም።

ፈጣን ካልነበረ ታዲያ እንዴት ነው ኳሱን የሚደርስበት?

ይሄ ነው የምወደው ጥያቄ።

ያኔ ፒቸሩ፣ ማለትም ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ሰው፣ ምን አይነት ኳስ እንደሚወረውር ካቸሩ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበለው፣ በጣቱ ምልክት ይሰጠው ነበር፣ ሾርትስቶፕ ያንን ምልክት ከቆመበት ማየት ይችል ነበር። ሪፕከን ምልክቱን ያያል፣ መቺው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ይሄ ሰውዬ በፈጣን ኳስ ይዘገያል፣ በቀርፋፋ ኳስ ይቸኩላል፣ ስለዚህ ኳሱ በየት በኩል ይመጣል የሚለውን አስቀድሞ ያሰላና ኳሱ ሳይወረወር ሁለት ሶስት እርምጃ ይጠጋል። ኳሱ ሲመታ እሱ እዛ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ቴሌቪዥን ላይ ስታዩት ቀላል ኳስ የደረሰው ይመስላችኋል፣ ሌላው ሾርትስቶፕ መሬት ላይ ተወርውሮ በሆዱ ተንሸራቶ ይይዘውና ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ሪፕከን ደግሞ ቆሞ ተቀብሎ በቃ ይወረውራል። ክንዱም ጠንካራ ነበር፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መቆም ይችላል፣ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ደግሞ ኳሱን ለመከተል ጊዜ ያገኛል።

በ1984 ብቻ 583 አሲስት አለው፣ ማለትም 583 ጊዜ በሱ ውርወራ ሰው እንዲወጣ አድርጓል፣ ለአሜሪካን ሊግ ሾርትስቶፕ ሪከርድ ነው። በ1990 ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሾርትስቶፕ ሆኖ የሰራው ስህተት ስንት ነው? ሶስት። ከ160 በላይ ጨዋታ፣ ሶስት ስህተት። 95 ጨዋታ አንድም ሳይሳሳት የሄደበት ጊዜ ነው። ገርሞ የሚገርመው በዛ ዓመት ጎልድ ግላቭ የሚባለውን የተከላካይነት ሽልማት አልሰጡትም፣ የወሰደው በ1991 እና በ1992 ነው። ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

አሁን ከላይ ያልኩት ይገባችኋል። ሁሌ መሬት ላይ የሚወረወር ሰው ትከሻው ይወልቃል፣ ጣቱ ይሰበራል፣ ጉልበቱ ይሄዳል። ቀድሞ ቦታው ላይ የተገኘ ሰው ግን ሰውነቱን ያተርፋል። 16 ዓመት ሳይቀር የተጫወተው ጠንካራ ስለነበረ *ብቻ* አይደለም፣ ሜዳውን ስለሚያነብም ነው።

ይሄን ከማን ተማረው?

ከአባቱ። ካል ሪፕከን ሲኒየር በኦሪዮልስ ድርጅት ውስጥ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ 36 ዓመት የሰራ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ከተሞች ያሉ የታችኛው ሊግ ቡድኖችን ሲያሰለጥን ነው የኖረው፣ ልጆቹም ክረምቱን ከሱ ጋር እየዞሩ ነው ያደጉት። ካል ልጅ ሆኖ ተጫዋቾቹን ይሄን ለምን እንዲህ አደረጋችሁ እያለ ይጠይቅ ነበር ይባላል።

በ1987 አባትየው የኦሪዮልስ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ ታናሽየው ቢሊ ደግሞ ሰከንድ ቤዝ ሆኖ መጣ። አንድ አባት በዋናው ሊግ ሁለት ልጆቹን በአንዴ ሲያሰለጥን የመጀመሪያው ነው። ሾርትስቶፑ ወንድሙ ሰከንድ ቤዙ ወንድሙ፣ አሰልጣኙ አባታቸው፣ ይሄን ያህል የቤተሰብ ነገር ነበር።

ግን መጨረሻው አላማረም። በ1988 ውድድሩ ሲጀመር ቡድኑ ስድስቱን ጨዋታ ተከታትሎ ሲሸነፍ አባትየው ተባረረ። እሱ ከሄደ በኋላም ሽንፈቱ አልቆመም፣ በድምሩ 21 ጨዋታ ተሸንፈው ነው ያቆመው፣ ይሄን በሚያክል ሽንፈት ውድድር የጀመረ ሌላ ቡድን የለም። አባትህን ያባረረ ክለብ ውስጥ በማግስቱ ማሊያ ለብሶ መግባት ምን እንደሚመስል አስቡት። ካል ገባ። ዋንጫ ያነሳበትንም ዓመት አውቃለሁ፣ የማከብረው ግን በዚህኛው ነው።

2,632 እንዴት ተጀመረ? በመሀል አልተጎዳም?

ግንቦት 30 ቀን 1982 ጀመረ፣ ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም።

መጎዳትማ ተጎድቷል። በ1985 ሚያዝያ ላይ ሰከንድ ቤዝ ጋ ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘ፣ እግሩ አበጠ፣ እድል ሆኖ በማግስቱ የሊግ ጨዋታ አልነበረም። በ1993 ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ድብድብ ተነስቶ ጉልበቱ ተጠመዘዘ፣ ያን ጊዜ በጣም ለጥቂት ነው የተረፈው፣ በማግስቱ ጠዋት መጫወቱን ራሱም እርግጠኛ አልነበረም። በ1996 ደግሞ ለኦልስታር፣ የሊጎቹ ምርጦች ለሚገናኙበት ጨዋታ፣ የቡድን ፎቶ ሊነሱ ሲደራጁ አንዱ ተጫዋች ሚዛኑን ስቶ ክንዱ አፍንጫው ላይ አረፈና ሰበረው። አፍንጫው ተሰብሮ ያኑ ማታ ተጫወተ።

ሌላ ብዙም የማይወራ ቁጥር አለ፣ 8,243። ከሰኔ 1982 እስከ መስከረም 14 ቀን 1987 ድረስ አንድም ኢኒንግ፣ ማለትም ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱንም፣ አልወጣም፣ ማለትም ጨዋታ አለመቅረት ብቻ ሳይሆን ተቀይሮም አልወጣም፣ 8,243 ኢኒንግ። ያወጣው ማነው? አባቱ። ቶሮንቶ ላይ 18 ለ 3 እየተሸነፉ ሳለ፣ ነገሩ ሸክም እንዳይሆንበት ብሎ አወጣው።

ያቺ የ1995 ማታ ለምን ሁሌ ትነሳለች?

ከሱ በፊት ሪከርዱ የሉ ጌህሪግ ነበር፣ የኒውዮርክ ያንኪስ ፈርስት ቤዝ፣ 2,130 ጨዋታ፣ ከ1925 እስከ 1939። ጌህሪግን ያቆመው በሽታ ነው፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ ኤኤልኤስ የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ እስከዛሬ በሱ ስም ይጠራል። ያ ቁጥር 56 ዓመት ማንም የማይነካው ሆኖ ቆየ።

ሌላው ነገር ደግሞ ጊዜው ነው። በ1994 ነሐሴ ላይ ተጫዋቾቹ የስራ ማቆም አድማ መቱ፣ የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ወርልድ ሲሪስ ተሰረዘ፣ ከ1904 ወዲህ ተሰርዞ አያውቅም ነበር፣ ህዝቡ ሀብታም ከሀብታም ይጣላል ብሎ ተቀየመ፣ ስታዲየም መሄድ ያቆመ ብዙ ነው። በ1995 ክለቦቹ በአድማ መቺዎቹ ምትክ ሌላ ተጫዋች ቀጥረው ሊጀምሩ ሲሉ የኦሪዮልስ ባለቤት ፒተር አንጀሎስ እኔ ምትክ አላሰልፍም አለ። ምትኮቹ ጀምረው ቢሆን የሪፕከን ነገር እዛው ላይ ጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ግን አድማው ቀደም ብሎ አለቀ።

እና መስከረም 6 ቀን 1995 ረቡዕ ማታ፣ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 1 ቀን 1987፣ የኦሪዮልስ ስታዲየም ካምደን ያርድስ ላይ ከካሊፎርኒያ ኤንጀልስ ጋር 2,131ኛውን ተጫወተ። ፕሬዝዳንት ክሊንተን ስታዲየም ነበሩ። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ሆምረን መታ፣ ራሱ ድግሱን ያደመቀ ሰው ማለት ይሄ ነው። ከዛ አምስተኛው ኢኒንግ አጋማሽ ላይ ጨዋታው በህጉ መሰረት ተቆጠረ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው የድሮ የባቡር መጋዘን ላይ የተሰቀለው ትልቅ ቁጥር ተገለበጠና 2,131 ሆነ፣ ሰው ተነሳ፣ ጭብጨባው 22 ደቂቃ ቆየ። ማሊያውን አውልቆ ለልጆቹ ሰጠ። ደጋግሞ ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ሲመለስ ህዝቡ እምቢ አለ፣ ሁለት ጓደኞቹ ቦቢ ቦኒያና ራፋኤል ፓልሜሮ ገፍተው አስወጡት፣ እሱም ሜዳውን ዙሪያውን እየዞረ ጥግ ጥግ ያለውን ሰው እጅ ለእጅ ጨበጠ፣ የተቃራኒ ቡድኑን ተጫዋቾች ሳይቀር። አባቱ ከላይ ካለው መቀመጫ ሆኖ ያይ ነበር፣ ሁለቱ አንገት ለአንገት ባይተቃቀፉም ተያዩ፣ እኔ ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር እዛች ቦታ ላይ እንባዬ ይመጣል። አባትየው በ1999 አረፈ።

የዓለም ሪከርድስ?

ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የዓለሙ ሪከርድ ጃፓን ነበር። ሳቺዮ ኪኑጋሳ የሚባል የሂሮሺማ ካርፕ ተጫዋች 2,215 ተከታታይ ጨዋታ ነበረው። ሪፕከን በ1996 ሰኔ ላይ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሲያልፈው ኪኑጋሳ ራሱ ከጃፓን መጥቶ ተመልክቷል። ትልቅ ሰው።

ለምን አቆመው? ተጎድቶ ነው?

አይ፣ በራሱ ፈቃድ ነው። መስከረም 20 ቀን 1998፣ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳቸው ጨዋታ ላይ፣ ከያንኪስ ጋር፣ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው አሰልጣኙ ሬይ ሚለር ጋ ገብቶ ዛሬ አልጫወትም አለ። በሱ ቦታ ራያን ማይነር የሚባል ወጣት ገባ። የመጀመሪያው መቺ ከተራው ሲወጣ የያንኪስ ተጫዋቾች ሁሉ ቆመው አጨበጨቡለት።

ለሚቆጥር ሰው፣ ዓመቱ 162 ጨዋታ ነው፣ 16 ዓመት ሙሉ ሳትቀር ብትጫወት 2,592 ነው፣ ገና 41 ጨዋታ ይቀርሃል ልታልፈው። ዛሬ ደግሞ ክለቦቹ ራሳቸው ተጫዋች ያሳርፋሉ፣ እኔ በህይወቴ የሚሰበር አይመስለኝም።

ማረፍ ነበረበት፣ ለራሱ ክብር ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ምን ትላለህ?

አሉ፣ ያኔም ነበሩ። በ1990 የመምታት አማካኙ፣ ማለትም ከመምቻ ተራዎቹ ስንቱ እንደተሳካ፣ ወደ 0.250 ሲወርድ ጋዜጣው ሁሉ ደከመ፣ ይረፍ አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ የደከመ ሰው እንደሚዳከም ማን ይክዳል። ግን በቀጣዩ ዓመት ምን ሆነ፣ በ1991 ሳያርፍ 0.323 መታ፣ 34 ሆምረን፣ 114 አርቢአይ፣ ማለትም በሱ ምት የገቡ ነጥቦች፣ የሊጉ ኤምቪፒ፣ ምርጥ ተጫዋች ማለት ነው፣ ሆነ፣ የኦልስታሩም ኤምቪፒ ሆነ፣ የሆምረን ውድድሩንም አሸነፈ፣ ያውም ቡድኑ 95 ጨዋታ በተሸነፈበት ዓመት። ደግሞ ሜዳ ላይ ያስገባው አሰልጣኙ ነው፣ በየጊዜው የተለያየ አሰልጣኝ፣ ሁሉም ከሱ የተሻለ ሾርትስቶፕ አላገኙም። እኔ ራስ ወዳድነት አላየሁበትም።

ዋንጫ አንስቷል?

አንድ ጊዜ፣ በ1983፣ ፊላደልፊያን 4 ለ 1 አሸንፈው። ያን ዓመት 211 ሂት፣ ማለትም ቤዝ ያደረሰው ምት፣ መቶ ኤምቪፒም ሆኗል። የመጨረሻዋን ኳስ የያዘውም እሱ ነው፣ በአየር የመጣችለትን። ገና 23 ዓመቱ ነበር፣ ከዛ በኋላ ወርልድ ሲሪስ አልደረሰም።

ጠቅላላ ቁጥሮቹን አንዴ ንገረን

3,001 ጨዋታ፣ 3,184 ሂት፣ 431 ሆምረን፣ 1,695 አርቢአይ፣ አማካይ 0.276። 19 ጊዜ ኦልስታር። ከሆምረኖቹ 345ቱ ሾርትስቶፕ ሆኖ ነው፣ በ1993 የኧርኒ ባንክስን 277 ሲያልፍ ኳሷ ያረፈችበትን ወንበር ከአረንጓዴዎቹ መሀል ብርቱካናማ ቀቡት። 3,000ኛው ሂት ሚያዝያ 2000 ሚኒሶታ ላይ። የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት ሆል ኦፍ ፌም በ2007 ከቶኒ ግዊን ጋር ገባ፣ ከ545 ድምፅ 537 አግኝቶ።

የመጨረሻ ዓመቱ እንዴት ነበር?

ከ1997 ጀምሮ ወደ ሰርድ ቤዝ ተመልሷል። በ2001 ሲያትል ላይ በተደረገው ኦልስታር ሰርድ ቤዝ ሊቆም ሲወጣ ሾርትስቶፑ አሌክስ ሮድሪገዝ ና ቦታህን ውሰድ ብሎ እየገፋ አስቀየረው፣ ከዛ ለመምታት ሲወጣ የመጀመሪያዋን ኳስ ሆምረን አደረጋት፣ በ40 ዓመቱ፣ ኤምቪፒም ተባለ። የመጨረሻው ጨዋታ ኒውዮርክ ነበር የታሰበው፣ የመስከረም 11 ጥቃት ፕሮግራሙን ሁሉ ገፋውና ባልቲሞር ሆነ፣ ጥቅምት 6። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ዱላውን ይዞ ተራውን እየጠበቀ ሳለ ከፊቱ ያለው ብራዲ አንደርሰን ስትራይክ አውት ሆነ፣ ሳይመታ ወጣ ማለት ነው፣ እና አለቀ። አንድ ምት ብቻ ቀርቶት።

አሁን ምን ይሰራል?

በ2024 ዴቪድ ሩበንስታይን ኦሪዮልስን ሲገዛ ከገዢዎቹ ቡድን ውስጥ እሱም አለበት፣ ስለዚህ የክለቡ ባለድርሻ ነው። በአባቱ ስም ችግር ላለባቸው ልጆች የሚሰራ ፋውንዴሽን አላቸው፣ አበርዲን ላይ ደግሞ የልጆች ውድድር የሚካሄድበት ትልቅ ሜዳ አለ።

ልጄ ኢንፊልደር መሆን ይፈልጋል፣ ከየት ልጀምር?

ይሄን ከናቶች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከ4 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ካል ሪፕከን ቤዝቦል የሚባል ዲቪዥን አለ፣ በቤብ ሩት ሊግ ስር ነው፣ በየሰፈሩ ሊግ ስላለ ካውንቲያችሁ ውስጥ የትኛው እንዳለ ጠይቁ፣ ምዝገባው ብዙ ቦታ በክረምቱ ብርድ ነው የሚከፈተው፣ በረዶ እያለ ማለት ነው፣ እና አትዘናጉ። ጓንት ስትገዙ ያድግበታል ብላችሁ ትልቅ አትግዙለት፣ እንደ ጫማ አይደለም፣ የኢንፊልደር ጓንት ትንሽ ነው መሆን ያለበት፣ ኳሱን ቶሎ አውጥቶ እንዲወረውር። አዲሱ ጓንት ድርቅ ይልበታል፣ ኳስ መሀሉ ላይ አድርጋችሁ በገመድ አስራችሁ አሳድሩት፣ ቀን ቀን ደግሞ ግቢ ውስጥ ወይ ፓርኪንጉ ላይ በእጃችሁ መሬት ለመሬት አንከባሉለት፣ ከጀርባው ሳይሆን ከፊቱ ሆኖ እንዲቀበል፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጓንቱን መሬት አስነክቶ። በቀን 50 ኳስ ይበቃል።